ቅቤ የጠጣው ማጣሪያ

ባለፈው ሰሞን፣ ከቴፒ ብዙ በማትርቀው አማን ከተማ ውስጥ ከምሠራበት ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ፣ አንድ ወጣት ከላይ እስከ ታች ቀይ አቧራ የለበሰ ሞተሩን አቆመና፣ ሻይ እንኳን ሳያዝዝ ከመቀመጫው ሥር ያለውን የጎን ክዳን ፈትቶ የአየር ማጣሪያውን አወጣ። ጥቁር ስፖንጅ ነው፤ አቧራው ግን ጡብ አስመስሎታል። ከድንጋይ ደረጃችን ጋር ጠፍ ጠፍ ሲያደርገው አቧራው ብን ብሎ ባጠብኳቸው ብርጭቆዎች ላይ አረፈ፤ ቀጥሎ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ነጭ ጋዝ አፍስሶ ሲነክረው ደግሞ ያ ዓይን የሚያቃጥል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ቤቱን ሞላው። ደንበኞቹ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ትሪዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልጁ ስፖንጁን እንደ ካልሲ ሊጠመዝዘው ሲል፣ ከማላውቀው ሰው ጋር ቀድሜ ተናግሬ የማላውቀው እኔ፣ "ጭመቀው እንጂ አትጠምዝዘው፤ ይተረተራል" አልኩት። "ኧረ እህቴ፣ መካኒክ ነሽ እንዴ?" ብሎ ሲስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ፊቴ እንደ ፍም ጋለና ወደ ጓዳ ገባሁ። እዚያም ብቻዬን ቆሜ እጆቼን አሸተትኳቸው። ሳሙናና ቅርንፉድ ነው የሚሸቱት። ያኔ ግን ነጭ ጋዝ ይሸቱ ነበር።

ያኔ የምለው ቴፒ፣ እትዬ ዘርፌ ቤት በነበርኩበት ጊዜ ነው። እትዬ ዘርፌ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። እናቴ ታናናሾቼን ይዛ ሸዋ ቤንች ስትቀር፣ እኔ ግን ቴፒ ብሆን እንደምማር ታስቦ ወደዚያ ተላክሁ። መናኸሪያ ስደርስ ልትቀበለኝ የመጣችው በእግሯ መስሎኝ በሰዉ መካከል ስፈልጋት፣ ከኋላዬ አንድ ነገር እየተንደቀደቀ መጥቶ ቆመ። ለገጠር መንገድ የተሠራ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጎማው እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ ዶቅዶቄ ነው፤ በላዩ ላይ ሱሪዋን ቦት ጫማዋ ውስጥ የከተተች ሴት ተቀምጣለች። ሴት ልጅ ሞተር ስትነዳ አይቼ አላውቅም ነበር። ያቺ ሴት ደግሞ የእናቴን አፍንጫ ይዛለች። "ነይ ውጪ፤ አጥብቀሽ ያዢኝ፤ ብትወድቂ እናትሽ የምትገድለው እኔን ነው" አለችኝ። ቦርሳዬን በመካከላችን ሸጉጬ፣ ፊቴን ጀርባዋ ላይ ለጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቴፒ ገባሁ፤ ስለዚህ ከተማዋን መጀመሪያ ያወቅኋት በሽታዋ ነው፤ የበሰለ ቡና፣ የሞቀ አፈር፣ የወደቀ ማንጎና የተቃጠለ ቤንዚን።

እትዬ ዘርፌ የከብት ጤና ባለሙያ ነበረች። የሰፈሩ ልጆች "ዶክተር ዶቅዶቄ" ይሏታል፤ ስታልፍ እየተከተሉ ይጮሃሉ፤ እሷም ጥሩምባዋን ነፍታ ትመልስላቸዋለች። ሞተሩ ግን የሷ አልነበረም፤ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ከእሷ በፊት ሴት ወስዳው አታውቅም። ኃላፊው አቶ ጌታሁን ቁልፉን ሲሰጧት እንኳን "እስቲ ለሙከራ እንየው" ብለው ነበር፤ ቁልፉ ይደርሰኛል ብሎ የሚጠብቅ ወንድ ባልደረባ ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ አልጠፋም። ሞተሩ ከእጇ ከወጣ የምትመለሰው ወደ ድሮ ቦታዋ፣ መድኃኒት በመስኮት ወደሚታደልባት ክፍል ነበር። እትዬ ዘርፌ ያቺን መስኮት እንደ እስር ቤት ትጠላታለች። "ከብቱን ሳላይ ባለቤቱን ብቻ የማክምባት መስኮት" ትላታለች። ጫካ ውስጥ ገብታ፣ የታመመችውን ላም ጆሮ ይዛ፣ ዓይኗን ገልጣ አይታ፣ ጭቃ ለብሳ ማታ ስትመለስ ነው ፊቷ የሚበራው። ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ የሞተሩ ጤና ከእኛ ጤና ይቀድም ነበር። እኔ ስስል "ዝንጅብል ጠጪ" እባላለሁ፤ ሞተሩ ከሳለ ግን እራት አይበላም።

የሞተሩ ሳንባ ማጣሪያው ነው ብላ ነበር ያስተማረችኝ። በበጋ የቴፒ መንገድ አቧራ ቀይ ዱቄት ነው፤ መኪና ካለፈ በኋላ ሰው ከሰው አይተያይም። ያ ሁሉ አቧራ ከሞተሩ ሆድ እንዳይገባ የሚከለክለው ከዳቦ ቁራሽ የማይበልጥ አንድ ስፖንጅ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ከቤቱ ጀርባ ሙዙ ጥላ ሥር ጆንያ እናነጥፋለን። እሷ በካቻቢቴ ክዳኑን ትፈታለች፤ እኔ ብሎኖቹን እንዳይጠፉ በሻይ ሳህን ላይ በቅደም ተከተል እደረድራለሁ። ስፖንጁ ከሽቦ ቅርጫቱ ላይ እንደ ካልሲ ይገፈፋል። የአየር መግቢያውን ቀዳዳ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ መወተፍ አለብኝ፤ በዚያች ቅጽበት አንዲት ትንኝ እንኳን ብትገባ እትዬ ዘርፌ ልቧ ይቆም ነበር። ከዚያ ስፖንጁ መጀመሪያ ይራገፋል፣ በነጭ ጋዝ ይነከራል፣ በመዳፍ ይጨመቃል፣ እንደገና ይነከራል፤ ጋዙ ቀይ መሆኑን ሲተው በሳሙና ይታጠብና ጥላ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ይደረግበትና እንደ ሊጥ ይታሻል፤ አቧራውን የሚይዘው ያ ቅባት ነው። የተረፈው ተጨምቆ ይወጣል። የመጨረሻውን ሥራ፣ ዳር ዳሩን በጣት እየዳሰሱ ክፍተት አለመኖሩን ማረጋገጥን፣ ለእኔ ትተወው ነበር። "ያንቺ ጣት ቀጭን ነው፤ ደግሞ አትቸኩዪም" ትለኛለች። በትምህርት ቤት እጄን አውጥቼ የማላውቅ ልጅ፣ በሳምንት አንድ ቀን ጣቴ የሚታመንበት ቦታ ነበረኝ።

የምንኖረው በሐጂ ጀማል ግቢ፣ በኪራይ ነበር። ሐጂ ከጅማ በኩል የመጡ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። ቡና ሲደርስ ግቢው ሙሉ ለሙሉ የቡና ይሆናል። ከቀርከሃና ከሽቦ የተሠሩት የማድረቂያ አልጋዎች ከደጃችን እስከ አጥሩ ተደርድረው፣ ቀዩ እሸት ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር ሲለወጥ እያየን ከርመን፣ ሰማይ ያጉረመረመ ጊዜ ተከራይ አከራይ ሳይባል ሸራ ለማልበስ እንሮጣለን። ሐጂ ቀኑን ሙሉ በአልጋዎቹ መካከል ይመላለሳሉ፤ ፍሬውን በእጃቸው ያገላብጣሉ፤ እፍኝ ዘግነው ያሸታሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያሸቱት፤ የሆነ ነገር የሚነግራቸው ይመስል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ ቅዳሜ እንዲሁ አሽትተው ራሳቸውን ሳይነቀንቁ ቀሩ። እንደገና ዘገኑ። ከዚያ ሽታውን ተከትለው፣ በአልጋዎቹ መካከል ሹልክ ሹልክ እያሉ፣ ከሙዙ ሥር እኛ ላይ መጡ። እኔ ክንዴ ድረስ ነጭ ጋዝ ውስጥ ነኝ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም እንደሚያፍሩ ሁሉ አቀርቅረው ነበር።

"ዘርፌ ልጄ፣ ቡና ሞኝ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይጠጣል። ነጋዴው ነጭ ጋዝ ከሸተተው ጆንያውን ሳይፈታ ነው የሚመልስብኝ።"

"ሐጂ፣ በሞትኩት! አላሰብኩትም እኮ።"

"ሞተርሽን እጠቢ፤ መታጠብ አለበት። ብቻ በዚህ ነገር አይሁን።"

በሚቀጥለው ሳምንት ወንዝ ወርደን ልናጥብ ሞከርን። እትዬ ዘርፌ ግን ጋዙን ልታፈስ ጀሪካኑን ካነሳች በኋላ፣ ከታች በኩል ውኃ የሚጠጡትን ጥጆች አይታ ከደነችው። ስፖንጁን እንደቆሸሸ ይዘነው ተመለስን። የዚያን ቀን ያዳኑን የሐጂ ባለቤት እማማ ዘሃራ ናቸው። እማማ ዘሃራ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ የግቢውን ሴት ሁሉ ፀጉር የሚሠሩ፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ ሴት ናቸው። ችግራችንን ሲሰሙ አጨበጨቡ። "እንዶድ እያለላችሁ? እንዶድ የማይቆርጠው ቅባት አለ እንዴ?" ብለው ከጓዳቸው የደረቀ ፍሬ አምጥተው በሙቀጫ ደቁሰው አረፋ አስነሡ። እውነታቸውን ነበር። ከአረፋው ውስጥ የወጣው ስፖንጅ ስንገዛው እንኳን እንደዚያ አልነበረም። የሚሸተውም የታጠበ ጋቢ ነው። ሐጂ መጥተው አሸተቱት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ይመጣል የተባለው የሞተር ዘይት ሳይመጣ ቀረ፤ እኛም ጋ የነበረው ጠርሙስ ተገለበጠ፣ ተንጠፈጠፈ፣ አለቀ። ስፖንጁ ደርቆ እጄ ላይ ተቀምጧል። እማማ ዘሃራ የአንዲት ጎረቤት ፀጉር እየጎነጎኑ ነበር። ስፖንጁን ተቀብለው በሁለት ጣታቸው አሹት፣ ጆሯቸው ጋ አስጠግተው ሲንኮሻኮሽ ሰሙና አዘኑለት።

"ይኸው ድርቅ ብሏል። በእንዶድ የታጠበ ፀጉርም እንዲህ ነው የሚሆነው።"

"ዘይት አልቆብኝ ነው እማማ።"

"ዘይት ምን ያደርጋል? ይሄማ ቅቤ ነው የሚፈልገው።"

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ዘርፌም ሳቀች፤ ግን እየሳቀች ስታስብ አየኋት። ቅባት ቅባት ነው፤ አቧራውን ከያዘላት ከላም ይምጣ ከጣሳ ምን ለየው? "እስቲ እንሞክረው" አለች። ከዚያ በኋላ ስፖንጁ ከእኛ እጅ ወጣ። ቅቤው በፀሐይ ለስለስ ብሎ መጣ። እማማ ዘሃራ እንደ ሙሽራ ራስ ከሥር ከሥሩ እያሹ አጠገቡት፤ ሌላዋ ሴት "እዚህ ጋ አልደረሰውም" ትላለች፤ ሌላዋ ትጨምርበታለች። እኔ እንደለመድኩት የተረፈውን ልጨምቅ እጄን ስዘረጋ ሁሉም ጮኹብኝ። ፀጉር ላይ የተትረፈረፈ ቅቤ ማን ጨምቆ ያውቃል? እስኪበቃው ይጠጣ ተብሎ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፤ ጠጣ፤ ወደ ሞተሩ ገባ።

ደግሞም ሠራ! ይሄ ነው የጉዱ ጉድ። ቴፒ ሙቀት ነው፤ ቅቤ በሳህን ላይ ቆሞ አያድርም። በስፖንጁ ውስጥ ቅቤው እንደ ዘይት ቀልጦ፣ የተረፈውም በጎን ክዳኑ ስንጥቅ እየተንጠባጠበ፣ ሞተሩ ያለ አንዳች ሳል ሜዳውን ሁሉ ዞረ። ቅዳሜ ቅዳሜ አጥበን እንደገና ቅቤ ልንቀባው ማጣሪያውን ስንከፍተው አቧራው ከላይ ተይዞ ቁጭ ብሏል። ለውጡ ውሾቹ ላይ ብቻ ነበር። እትዬ ዘርፌ ባለፈችበት ሁሉ የሰፈሩ ውሻ ምላሱን አውጥቶ ይከተላታል፤ ስትቆም ከጎን ክዳኑ ሥር ተጋፍተው ይልሳሉ። ሐጂ ጀማል ጠዋት ስትወጣ "ዘርፌ፣ ሞተርሽ ዛሬም ሠርግ ተጠርቷል?" ይሏታል። እማማ ዘሃራ ደግሞ ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ በግቢያቸው ሞተር ፀጉሩን እንደሚሠራ እያወሩ ይኮሩ ነበር።

ትምህርት ዝግ በነበረበት ሰሞን የጌጫ ጉዳይ መጣ። ጌጫ ከቴፒ በላይ፣ ጫካውን ወጥቶ የሚገኝ ደጋ ነው። እዚያ የከብት ክትባት ዘመቻ ተጠርቶ፣ አቶ ጌታሁንና ሠራተኞቹ በመኪና ቀድመው ወጥተዋል፤ ለብቻው ይመጣል የተባለው ክትባት ግን ዘግይቶ ቴፒ የደረሰው እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ውስጥ ነው፤ በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ ውኃ ነው። አቶ ጌታሁን ከጌጫ ስልክ ደወሉ። እትዬ ዘርፌ ስልኩን ዘግታ ስትመጣ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። "ሳይበላሽ ካደረስሽው ሞተሩ ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ቁልፉን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ" ነው ያሏት። ሳጥኑ እንዳይገለበጥ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። ለዚያ ነው እኔ የሄድኩት።

ጠዋት ገና ጤዛው ሳይረግፍ ተነሳን። ሳጥኑ በእኔና በእሷ ጀርባ መካከል፣ እጆቼ በሳጥኑ ላይ ተሻግረው ቀበቶዋን ይዘዋል። ከውስጥ በረዶው ኳ ኳ ሲል ደረቴ ላይ ይሰማኛል፤ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ በዚያ ድምፅ ነበር የማውቀው። ቡናው አለቀ፤ ትልልቆቹ ዛፎች መጡ፤ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለሉ አጀቡን። ዳገቱ ሲጀምር ነፋሱ ቀዘቀዘ። ቀርከሃው ሲመጣ ጭጋጉም አብሮ መጣና መንገዱን ዋጠው፤ ሹራቤ ላይ ውኃ ተንጠለጠለ፤ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ሞተሩም ያኔ ነው ሳል የጀመረው። መጀመሪያ አንድ ጊዜ እህ አለ። ከዚያ ደጋገመው፤ ከኋላችን ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ማርሽ ብትቀንስለትም፣ ብትለማመጠውም፣ በሰው ቋንቋ "በናትህ" ብትለውም፣ ዳገቱ መካከል ላይ ቀጥ አለ።

እትዬ ዘርፌ እሳት የሚለኩሰውን ካንዴላ አውጥታ ጠረገች፤ ቤንዚኑን አየች፤ ረገጠች፤ እንደገና ረገጠች። ይነሳና ሁለት ክንድ ሳይሄድ ይታፈናል። ሞተሩ አልቋል፣ ወርዶ መፈታት አለበት የሚሉት ሰዎች ድምፅ ከወዲሁ የሚሰማት ይመስለኛል፤ ድንገት ረገጣዋን ተወችና መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። እሷን ሥራ ላይ ተቀምጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ሳጥኑን አቅፌ ቆምኩ። ከውስጥ የሚሰማው ኳ ኳ ቀርቷል፤ ስለቆምን ነው ወይስ እየቀለጠ ነው ብዬ ፈርቼ፣ ቀስ አድርጌ ነቅነቅ አደረግሁት። ትንሽ ተንኳኳ።

ከጭጋጉ ውስጥ አንድ አዛውንት በቅሎ እየሳቡ ብቅ አሉ። በቅሎዋ ግራና ቀኝ የማር ቀፎ ተጭናለች። ቆመው ሰላምታ ሰጡን፣ ሞተሩን ዞሩት፣ ከዚያ አፍንጫቸውን ከፍ አድርገው አሸተቱ።

"ቅቤ ጭናችሁ ነው? የጌጫ ገበያ እኮ ዛሬ አይደለም።"

"የምን ቅቤ፣ አባቴ? ክትባት ነው የያዝነው።"

"እኔን ልጄ፣ የቅቤ ሽታ አይጠፋኝም። ቅቤ ነው የሚሸተው።"

እትዬ ዘርፌ እኔን አየችኝ። እኔም እሷን አየኋት። ከድንጋዩ ላይ ዘላ ተነሥታ ክዳኑን ፈታችው። ስፖንጁ ነጭ ሆኗል። ቴፒ ላይ ዘይት የነበረው ቅቤ ጌጫ ብርድ ላይ እንደ ሻማ ረግቶ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኖ፣ ቢያንኳኩት ቋ የሚል ሆኗል። በዚህ ውስጥ አየር ቀርቶ ጸሎትም አያልፍም። ፀጉር ላይ ቅቤውን ከሥር የሚያቀልጠው የራስ ሙቀት አለ፤ ማጣሪያው ግን የተቀመጠው ሞተሩ ያንን የደጋ ብርድ ወደ ውስጥ በሚስብበት በር ላይ ነው። ይሄንን ስታስረዳኝ መሃል ላይ ሳቅ ያዛት። ሆዷን ይዛ፣ "እማማ ዘሃራ! ወይ እማማ ዘሃራ!" እያለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ ስፖንጁን በሐዘን እያዩ "ይሄን ሁሉ ቅቤ ለብረት?" አሉ።

ሳቁ ሲያልቅ ችግሩ እዚያው ነበር። አዛውንቱ ቤታቸው እሳት መኖሩን ነገሩን፤ ሆኖም እዚያ ወርደን፣ ውኃ አሙቀን፣ አጥበን፣ አድርቀን እስክንመለስ በረዶው አይጠብቅም። ያለ ማጣሪያ መንዳት ደግሞ በእትዬ ዘርፌ ዘንድ ነውር ነው። ጫካው እርጥብ ቢሆንም፣ ከጎማው የሚፈናጠረው አሸዋ ውስጥ ከገባ ሞተሩን ይበላዋል። ስፖንጁን በአንድ እጇ፣ ባዶውን የሽቦ ቅርጫት በሌላ እጇ ይዛ አንዱንና ሌላውን ታያለች። እኔ መልሱን ካየሁት ቆይቻለሁ። አፌ ውስጥ እየዞረ ነው። ሽማግሌው አሉ፤ እንግዳ ሰው ባለበት የማልናገር ልጅ ነኝ፤ ግን ሳጥኑ ደረቴ ላይ ቀዝቅዞ፣ በጎኑ የወረደው ውኃ ቀሚሴን እያረጠበው ነበር።

"ሻሽሽ አለ እኮ፣ እትዬ" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ሻሽሽ። ይጠለልበት።"

ወዲያው ከራሷ ላይ ፈታችው። ነጭ፣ ስስ፣ ለዘመቻው ብላ ያሰረችው አዲስ ሻሽ ነው። አጥፋ ቅርጫቱ ላይ ጠቀለለችው፤ እኔ ጫፉን በክር አሰርኩት፤ ዳር ዳሩንም በጣቴ ዳሰስኩ። ሲረገጥ በመጀመሪያው ተነሳ። በቅሎዋ ደንግጣ ወደ ቀርከሃው ገባች፤ አዛውንቱ ልጓሟን ይዘው እየተጎተቱ እንኳን "ሂዱ! ሂዱ! ሳይተኛ ሂዱ!" ይሉን ነበር።

ጌጫ ስንደርስ ሜዳው በከብት ተሞልቷል፤ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ይጠብቃል። አቶ ጌታሁን ሳጥኑን ራሳቸው ከፈቱት። ከላይ ውኃ ቢሆንም፣ እጃቸውን ሲሰዱ ከሥር በረዶው ብልቃጦቹን ይዞ ተንኳኳ። እትዬ ዘርፌ ራሷን ሳትሸፍን፣ ፀጉሯ በነፋስ ቆሞ፣ ጉንጯ ጥላሸት ለብሶ ነበር። ሽማግሌዎች ፊት እንደዚያ መቆም ደግ አይደለም።

"ሻሽሽስ የት ሄደ?" አሏት አቶ ጌታሁን።

"ሞተሩ በርዶት ነው ጋሼ፤ አለበስኩት።"

ሰዉ በሙሉ ሳቀ። አቶ ጌታሁን አልሳቁም፤ ግን ቁልፉን ልታስረክብ ስትዘረጋላቸው ዓይናቸው ሳጥኑ ላይ እንዳለ እጇን በእጃቸው መለስ አድርገው፣ "እዚያው አንቺ ጋ ይቀመጥ" አሉ። የዚያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ከብት ስትከትብ እያየኋት ዋልኩ፤ በሬው ሲራገጥ ትስቃለች፣ ላም ሲያዙላት ትስቃለች።

ቴፒ ስንመለስ እማማ ዘሃራ ታሪኩን ሰምተው ትንሽ አኮረፉ፤ "ጌጫ ይበርዳል ብለሽ መቼ ነገርሽኝ?" አሉ። ከዚያ በኋላ ከጅማ አዲስ ስፖንጅና ዘይት መጣልን፤ ውሾቹም ተበተኑ። እትዬ ዘርፌ ያንን ሞተር ይዛ መኪና የማይገባበት ቦታ ሁሉ ገባች። ስሟ ወጣ። ስሟ ሲወጣ ለትምህርት ላኳት፤ እስክትጨርስ እኔን እማማ ዘሃራ ያዙኝ፤ ስትመረቅ በትልቅ ከተማ ትልቅ ቦታ ሰጧት። ዕቃዋን የጫነችው በቡና ሰሞን ነበር፤ ሐጂ ጀማል ለመኪናው መውጫ ብለው አንድ አልጋ ቡና በእጃቸው አነሡ። ሞተሩ ለመሥሪያ ቤቱ ተመለሰ። እሷ የምትኖርበት ቤት ለሌላ ሰው የሚሆን ቦታ ስላልነበረው እኔም ወደ ሸዋ ቤንች፣ ወደ እናቴ ተመለስኩ፤ እናቴ ታማ ነበርና ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ሐጂ አርፈዋል፤ እማማ ዘሃራን ልጆቻቸው ወደ ጅማ ወስደዋቸዋል፤ አምና በቴፒ ሳልፍ ግቢው ውስጥ ገብቼ አይቼዋለሁ፤ የብሎኬት ክፍሎች በሰልፍ ቆመዋል። የቡና አልጋ የሚዘረጋበት ቦታ የለም። እትዬ ዘርፌ በበዓል በበዓል ትደውልልኛለች፤ አሁን ሹፌር አላት፤ ከብት ከነካች ግን ቆይታለች።

አንዳንድ ቀን ብርጭቆ እያጠብኩ አስበዋለሁ። ያን ዕለት በረዶው ቀልጦ ቢሆን ኖሮ፣ እትዬ ዘርፌ ወደዚያች መስኮት ትመለስ ነበር፤ ቴፒ ትቀር ነበር፤ እኔም እሷ ቤት ሆኜ ሰባተኛን፣ ስምንተኛን፣ ምናልባት ከዚያም በላይ እቀጥል ነበር። ይሄንን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። እንዲህ እያልኩ በሐሳቤ ያንን ዳገት እንደገና እወጣዋለሁ፤ ጭጋጉ ይመጣል፤ ሞተሩ ይታፈናል፤ እሷ ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች፤ ፊቷን አያለሁ። እዚያ ላይ ስደርስ የራሴን ነገር ሁሉ እረሳና፣ ሁልጊዜም፣ ሞተሩ እንዲነሳ እመኛለሁ።